«ፀረ ብግነት ኪኒን»፦ የአንድ ስያሜ ታሪክና ችግሩ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

1. መነሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና የምዕራብ ጎጃምን ምድር ሲያቋርጥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ያልፋል። ቡሬ ላይ አንዱ መንገድ ተገንጥሎ ዓባይን በመሻገር ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። አገሩ የበቆሎ፣ የዳጉሳ፣ የጤፍና የበርበሬ አገር ነው። የፊተኛይቱ ከተማ ስም በግዕዝ ሥርዐት የተናበበ ነው፤ «ፍኖት» መንገድ ማለት ስለ ሆነ «ፍኖተ ሰላም» የሰላም መንገድ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የከተማይቱን ስም ታሪክ ለማተት አልተነሣንም። የተነሣንበት ሌላ ፍኖት ነው፤ አየር ወደ ሳንባ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ለዓመታት ቀስ በቀስ ሲጠብ የሚደርሰውን ሕመም፣ ይልቁንም ለዚሁ ሕመም በሐኪም ማዘዣ የሚሰጡትን ኪኒኖች በአማርኛ ምን ብለን እንጥራቸው የሚለውን ጥያቄ እንመረምራለን።

ጥያቄው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለአብነት ያህል በቡሬ ገጠር የሚኖሩ አንዲት እናት እናስብ። እኚህ እናት ለብዙ ዓመታት በጭስ ቤት እንጀራ ሲጋግሩ ኖረው፣ ሳሉ አልለቅ፣ አክታው አልቋረጥ፣ ትንፋሹም እያጠረ ሲያስቸግራቸው ወደ ሐኪም ዘንድ ሄዱ እንበል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተማረውን ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ «እማማ፣ ይህ ለሳንባዎ የተሰጠ ፀረ ብግነት ኪኒን ነው፤ ሳያቋርጡ ይውሰዱት» ይላቸዋል። ጎረቤታቸው ደግሞ ለጉልበት ሕመም የተሰጣቸው ሌላ «ፀረ ብግነት ኪኒን» ከቤታቸው አለ። የእናቲቱ ኪኒን ያለቀ ዕለት ከጎረቤት ተውሰው ቢወስዱ በቋንቋ በኩል የሚከለክላቸው ምን አለ? ስሙ አንድ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ኪኒኖች በጠባያቸው፣ በሥራቸውና በጉዳታቸው ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። እንዲህ ያለው ስሕተት ቢደርስ ጥፋቱ የእናቲቱ ሳይሆን የስያሜው ይሆናል።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ፀረ»፣ «ብግነት»፣ «መድኃኒት» እና «ኪኒን» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ታሪክ ይዘው የመጡ በመሆናቸው ያልታሰበ ተስፋም ሆነ ያልታሰበ ሥጋት ለሕመምተኛው ያቀብላሉ። ተርጓሚ ይህን ታሪክ ካላወቀ ቃሉን በትክክል ተርጉሞ መልእክቱን ሊያበላሽ ይችላል።

2. «ጭስ» እና «አጨሰ»

ከሕመሙ ምክንያት እንጀምር። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ምግብ የሚበስለው በአመዛኙ በእንጨት፣ በጭራሮ፣ በኩበትና በአገዳ እሳት ነው። የእንጀራ ምጣድ ሰፊ ስለ ሆነ እሳቱም ጭሱም ብዙ ነው። በዚያ ላይ በርበሬ የሚታመስበትና የሚወቀጥበት ወቅት ሲመጣ በቤቱ ውስጥ ሳል የማይዘው ሰው የለም።

«ጭስ» የግዕዙ «ጢስ» ነው፤ «ጠ» በተከታዩ አናባቢ ተስቦ ወደ «ጨ» ተለውጧል። የቀደመው ቅርጽ «ጢስ ዓባይ» በሚለው ስም ተጠብቆ ይታያል። ከ«ጨሰ» «አጨሰ» የሚለው አድራጊ ግስ ወጣ። ይህ ግስ በጥንተ ነገሩ ማናቸውንም ነገር እንዲጨስ ማድረግን ያመለክታል፤ ዛሬ ግን ያለ ተሳቢ ሲነገር የሚያስታውሰው ትምባሆን ብቻ ነው። ሐኪም «ያጨሳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ከላይ የጠቀስናቸው እናት «ኧረ እኔ አላጨስም» ብለው በሙሉ ልብ ይመልሳሉ። መልሱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሳቡትን ጭስ ሳይነካ አልፏል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ይህ የሳንባ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን በመግደል በዓለም ላይ አራተኛው የሞት ምክንያት ሆኗል። በበለጸጉት አገሮች ዋናው መንሥኤ ትምባሆ ሲሆን፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ትምባሆ ከሕሙማኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ ይመለከታል፤ በእነዚህ አገሮች የቤት ውስጥ ጭስ ከዋነኞቹ መንሥኤዎች አንዱ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በአዋቂዎች ላይ የተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ለትምባሆ አጫሽ የተዘጋጀውን ጥያቄ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መመለስ የአገሩን ዋና ምክንያት ከጥያቄው ማስወጣት ይሆናል። አማርኛ ለዚህ የሚስማማ ግስ አላጣም፤ «ታጠነ» አለን። «በማድቤት ጭስ ሲታጠኑ ስንት ዓመት ሆነዎ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር።

3. የሕመሙ ስም

አሁን ወደ ሕመሙ ስም እንሻገር። በሕዝቡ አነጋገር ለዚህ ሕመም የተለየ ስም የለም፤ የሚነገረው ምልክቱ ነው። «ትንፋሽ ያጥረኛል»፣ «ደረቴን ያፍነኛል»፣ «ሲር ሲር ይለኛል»፣ «ሳሉ አልለቅ አለኝ» ይባላል። ስም ካስፈለገ ሁለት ቃላት ይቀርባሉ፤ አንዱ «አስም»፣ ሌላው «የሳንባ በሽታ» ነው። ሁለቱም ችግር አለባቸው።

«አስም» ከግሪክ ተነሥቶ በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል የደረሰን ቃል ነው። በግሪክኛ ትርጉሙ ማለክለክ እንጂ ሌላ አይደለም፤ «አለከለከ» የሚለው የራሳችን ግስ ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይገጥማል። በዘመናዊ ሕክምና ግን አስም ራሱን የቻለ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፤ የአየሩ መንገድ ይጠባል፣ ተመልሶም በአመዛኙ ይከፈታል። እኛ የያዝነው ሕመም በአብዛኛው ከጉልምስና በኋላ የሚገለጥና መንገዱ በሙሉ ተመልሶ የማይከፈትበት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የተለያየ መድኃኒት የሚሹትን ሕመሞች ያደባልቃል።

«የሳንባ በሽታ» የሚለው ደግሞ ከዚህ የከፋ ሸክም አለበት። በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ይህ ሐረግ የሚያስታውሰው ነቀርሳን ነው። «ሳንባ አለበት» የተባለ ሰው ጎረቤት እንደሚሸሸው ይታወቃል። «ነቀርሳ» ራሱ ለስያሜ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ቃሉ በአንድ በኩል በባክቴሪያ ለሚመጣው ተላላፊ የሳንባ ሕመም ተሰጠ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዛሬ ካንሰር ለምንለው የማይተላለፍ ሕመም አገለገለ። ከዚህም የተነሣ «ነቀርሳ ነው» የተባለ ሕመምተኛ የትኛው እንደ ያዘው ለማወቅ ሌላ ማብራሪያ መጠየቅ ነበረበት። «ካንሰር» የሚለው የባዕድ ቃል በአማርኛ ሊሰፋ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ መደባለቅ ይመስለናል። አንድ ቃል ለሁለት ሕመም ሲሰጥ ሕዝቡ አንዱን ትቶ ከውጭ ይዋሳል።

በአውሮፓና በአሜሪካም ቢሆን የሕመሙ ስም ባንድ ጊዜ የተወለደ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 የደረት ማዳመጫን ከፈለሰፈ በኋላ የሳንባ ከረጢቶች ተነፍተው የሚበላሹበትን ሁኔታ በዝርዝር ገለጸ፤ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል መነፋትን የሚያመለክት ነው። ሥር የሰደደው የአየር ቧንቧ ብግነት ደግሞ በሌላ ስም ይጠራ ነበር፤ መለኪያውም በ2 ተከታታይ ዓመታት ቢያንስ በየዓመቱ ለ3 ወር የሚቆይ አክታ ያለው ሳል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ትርጓሜዎቹን ለማስማማት ሞከሩ። ሁለቱን ሁኔታዎች በአንድነት የሚጠቀልለው የዛሬው ረጅም ስም የተስፋፋው ግን ከ1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ስለዚህ አማርኛ ለዚህ ሕመም ስም የለውም ተብሎ የሚያፍርበት ምክንያት የለም፤ የሕክምናው ዓለም ራሱ ስሙን ካገኘ ገና ብዙ አልቆየም።

4. «ብግነት»፣ «መቆጣት»፣ «ፀረ»

የስያሜ ሥራ በአገራችን በተቋም ደረጃ የተጀመረው በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ መርሐ ልሳን ሲቋቋም ነው። ይህ ተቋም በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆኖ ከየሙያው ሊቃውንት ጋር የሠራው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ታትሟል። ዛሬ በሕክምና ጽሑፍ «ብግነት» የምንለው ቃል የዚህ ዓይነቱ አሠራር ጠባይ አለው፤ ከነባር ግስ ተነሥቶ ለሙያ የተሞረደ ነው።

ግሱ «በገነ» ነው። በዕለት ንግግር «በገንኩ» የሚል ሰው በንዴት መቃጠሉን ይናገራል። መሠረተ ሐሳቡ እሳት ነው። በዚህ በኩል አማርኛና ላቲን ሳይመካከሩ ተገናኝተዋል፤ የላቲኑ ቃልም እሳት ማያያዝን ያመለክታል። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ኬልሱስ ለብግነት የሰጣቸው አራት ምልክቶች ቅላት፣ እብጠት፣ ትኩሳትና ሕመም ናቸው። ቁስልን ላየ ሰው ይህ ግልጽ ነው።

ሕዝቡ ግን «ቁስሌ በገነ» ከማለት ይልቅ «ቁስሌ ተቆጣ» ይላል። ገበሬው በማጭድ የተቆረጠውን እጁን እያሳየ ይህንኑ ግስ ይጠቀማል። ስለዚህ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ «ብግነት» የመጽሐፍ፣ «መቆጣት» የአንደበት። ሁለቱም ከእሳትና ከንዴት የተገኙ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ አንዱን በሌላው ማብራራት አያስቸግርም። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። በሳንባ ውስጥ ያለው ብግነት ቅላቱ አይታይም፤ ትኩሳቱም አይዳሰስም። ጭስ ለዓመታት ያስቆጣው የአየር መንገድ ነጭ የደም ሕዋሳትን እየጠራ፣ ግድግዳው እየወፈረ፣ አክታው እየበዛ ይሄዳል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ግን ትንፋሽ ማጠሩን ብቻ ነው። «የሚቃጠል ነገር የለብኝም» ቢል አይፈረድበትም።

«ፀረ» የግዕዙ «ፀር»፣ ማለትም ጠላት፣ በተናባቢ ቅርጹ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ «ፀረ ማርያም» ተብለው ተወግዘዋል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ «ፀረ አብዮት» እና «ፀረ ሕዝብ» የሚሉት ስያሜዎች በጋዜጣና በራዲዮ ተደጋገሙ። በእርሻና በጤና በኩል «ፀረ ተባይ» እና «ፀረ ወባ» ገቡ። ከቤተ ክህነት ወደ ፖለቲካ፣ ከፖለቲካ ወደ መርጫና ወደ ኪኒን የተሻገረው ይህ ቃል በየደረሰበት አንድ ጠባይ አልለቀቀም፤ ጠላት ያለበትን ጦርነት ያሳያል። «ፀረ ተባይ» ተባዩን ይገድላል፤ «ፀረ ወባ» የወባዋን ጥገኛ ነፍሳት ይገድላል። ጠላት ከሞተ ጦርነቱ ያበቃል፤ ኪኒኑም ይቆማል። «ፀረ ብግነት» ግን የሚገድለው ነገር የለም። ብግነት የሰውነት የራሱ መከላከያ ሆኖ ከልክ ያለፈ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ቁጣውን በማርገብ ነው። እንግዲህ ከ«ፀረ» የሚወለደው ሥዕል ሕመምተኛው «አሁንስ ዳንኩ» ብሎ እንዲያቆም ይገፋዋል።

5. «መድኃኒት»፣ «ኪኒን»፣ «ማዘዣ»

«መድኃኒት» የ«ድኅነት» ዘመድ ነው። ይኸው ሥር «መድኃኔ ዓለም» የሚለውን ስም ያስገኘ ነው። ስለዚህ በአማርኛ መድኃኒት ማለት የሚያድን ማለት ነው። ለትል የሚጠጣው ኮሶም ሆነ ለወባ የሚዋጠው ፍሬ ይህን ተስፋ ሳይፈጽም አልቀረም። በያዝነው ሕመም ግን እስካሁን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ያሉት ሕመሙን የሚያቀሉ፣ ማገርሸቱን የሚቀንሱ ናቸው። ቃሉ ከገባው ቃል ኪዳን ያነሰ ሥራ የሚሠራ ኪኒን «መድኃኒት» ተብሎ ሲሰጥ፣ ሕመምተኛው ከ1 ወር በኋላ «አላዳነኝም» ብሎ ቢተወው በቋንቋው ሕግ ተመርቶ ነው።

«ኪኒን» ደግሞ ሌላ ጉዞ አለው። ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1820 ከሲንኮና ዛፍ ልጥ ኪኒንን ለይተው አወጡ። የዚህ የወባ መድኃኒት ስም ከአውሮፓ ቋንቋዎች ወደ አማርኛ ሲገባ ለማናቸውም የሚዋጥ ፍሬ መጠሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ የተሠራጨው ፍሬ ክሎሮኪን ነበር፤ ሕዝቡ ግን ያንንም «ኪኒን» አለው። የቃሉ ትርጉም እንዲህ ሰፋ። ነገር ግን የወባ ኪኒን ልማድ ከቃሉ ጋር አብሮ ቀረ፤ ሲታመሙ ለጥቂት ቀናት ይዋጣል፣ ትኩሳቱ ሲለቅ ይቆማል። «እንክብል» የሚለው አገር በቀል ቃል ቢኖርም በገበያና በመድኃኒት ቤት የሚያሸንፈው «ኪኒን» ነው። ስለዚህ ቃሉን መተካት አያዋጣም፤ ልማዱን ግን በማብራሪያ ማረም ያስፈልጋል።

«ማዘዣ» ከ«አዘዘ» የወጣ ሲሆን በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት የሚታወቅ የሥልጣን ቃል ነው። ይህ ቃል ለእኛ ጉዳይ ይረዳል። በማዘዣ የሚሰጥ ኪኒን በትእዛዝ የሚወሰድና ያለ ትእዛዝ የማይቋረጥ፣ ለጎረቤትም የማይተላለፍ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል።

6. በአንድ ስም የተጠሩ ሦስት ቤተሰቦች

አሁን «ፀረ ብግነት ኪኒን» የሚባሉትን ለይተን እንይ። ሦስት ቤተሰቦች ናቸው።

የመጀመሪያው ቤተሰብ እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ነው። ለመገጣጠሚያ፣ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ይሰጣሉ። በሕዝቡ ዘንድ «ማስታገሻ» ተብለው ይታወቃሉ። ለያዝነው የሳንባ ሕመም ሕክምና አይሆኑም። ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ፤ አስም ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹን ደግሞ ትንፋሻቸውን ይዘጉባቸዋል። ከሁለተኛው ቤተሰብ ጋር አብረው ሲወሰዱ የጨጓራ መድማት ሥጋት ይጨምራል።

ሁለተኛው ቤተሰብ የኮርቲዞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሐኪሙ ሄንች ኮርቲዞንን ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ሰጥቶ ታላቅ ለውጥ አየ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ከኬንዳልና ከራይሽስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፕሬድኒሶንና ፕሬድኒሶሎን የተከተሉት በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ለሳንባው ሕመም እነዚህ የሚሰጡት ሕመሙ በድንገት ሲያገረሽ ነው፤ ዓለም አቀፉ መመሪያ በቀን 40 ሚሊ ግራም ለ5 ቀናት ይላል። ለረጅም ጊዜ ቢወሰዱ አጥንት ያሳሳሉ፣ የደም ስኳር ይጨምራሉ፣ የተኛውን የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅሱም ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የኖረ ሰውም ባንዴ ሊያቆማቸው አይገባም።

ሦስተኛው ቤተሰብ ታሪኩ ከቡና ይጀምራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃይድ ሶልተር እ.ኤ.አ. በ1859 ብርቱ ቡና ለአስም እንደሚረዳ ጻፈ። ኮሰል የተባለው ጀርመናዊ በ1888 እ.ኤ.አ. ከሻይ ቅጠል ቴኦፊሊንን ለየ፤ የስሙም ትርጉም «ሻይ» እና «ቅጠል» ነው። የቡናው ካፌይንና የሻዩ ቴኦፊሊን የአንድ ወገን ኬሚካሎች ናቸው። ሥራቸው ከፊሉ የተገለጠው ቆይቶ ነው። ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ በሕዋስ ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የሚባል ነገር አገኘ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህን መልእክተኛ የሚሰባብር ፎስፎዳይኤስቴሬስ የሚባል ኤንዛይም አለ። ቴኦፊሊን ይህን ኤንዛይም በደካማው ያግዳል፤ ነገር ግን የኤንዛይሙን ዓይነቶች አይለይም። ሊቃውንት በተቆጡ የደም ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የሚሠራውን 4ኛውን ዓይነት ብቻ የሚያግድ ኪኒን ሲፈልጉ ሮፍሉሚላስት ተገኘ። ኤንዛይሙ ሲታገድ መልእክተኛው ይበዛል፤ ሕዋሱም ይረግባል።

ሮፍሉሚላስት በአውሮፓ በ2010፣ በአሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። መጠኑ በቀን አንድ ጊዜ 500 ማይክሮ ግራም ነው። የሚታዘዘው ሕመሙ ለጠናባቸው፣ ሳልና አክታ ለማይለያቸው፣ ደጋግሞም ለሚያገረሽባቸው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተሙ ሁለት ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ ማገርሸቱን በ17 በመቶ ያህል ቀንሷል። የተዘጋ ትንፋሽን ወዲያው አይከፍትም፤ ስለዚህ በድንገተኛ ጊዜ ቢዋጥ አይደርስም። ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ የእንቅልፍ ማጣትና የመንፈስ መጨነቅ ያመጣል፤ ክብደትም ይቀንሳል። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ በውጭ አገር ያለ ዘመድ መድኃኒት ልኮ፣ ከሣጥኑ ጋር ያለውን ወረቀት የሚተረጉም ሰው በሚፈለግበት ዘመን ተርጓሚ «አልደረሰብኝም» ሊል አይችልም።

ነገሩን ስናጠቃልለው የመጀመሪያው ቤተሰብ ለዚህ ሕመም አይሰጥም፤ ሁለተኛው ለጥቂት ቀን ይሰጣል፤ ሦስተኛው ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ሦስቱንም «ፀረ ብግነት ኪኒን» ማለት በ«ነቀርሳ» የደረሰውን መደባለቅ ዳግመኛ መፈጸም ነው።

7. የስያሜ ሐሳብ

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ። «የሳንባ በሽታ» የሚለውን ሐረግ ከስሙ ራስ ላይ ማንሣት ይገባል እንላለን። የፍኖተ ሰላም ስም መንገዱን አሳይቶናል፤ «ፍኖተ አየር» ብንል አጭር፣ በግዕዝ ሥርዐት የተናበበ፣ ከነቀርሳ ሥጋትም የነጻ ስያሜ እናገኛለን። ለሙያ ጽሑፍ «ሥር የሰደደ የፍኖተ አየር ጥበት» ይሁን። «ሥር የሰደደ» የሚለው ነባር አነጋገር መልካም ነው፤ ከላይ ቢታጨድ ከሥር የሚያቈጠቍጠውን ሰርዶ የሚያውቅ ገበሬ ትርጉሙን አያጣውም። ለሕመምተኛ ሲነገር ደግሞ «የትንፋሽ መንገድ መጥበብ» ይበቃል።

ስለ ኪኒኖቹ። «ፀረ ብግነት» በሙያ ቃልነቱ ይቆይ፤ ሥር ሰድዷልና መንቀል አይቻልም። ነገር ግን ብቻውን አይቁም። የመጀመሪያው ቤተሰብ በሕዝቡ ስም «የሕመም ማስታገሻ» ይባል። ሁለተኛው «የማገርሸት ጊዜ ፀረ ብግነት»፣ ሦስተኛው «የዘወትር የፍኖተ አየር ፀረ ብግነት» ቢባሉ ጊዜውና ቦታው ከስሙ ይታወቃል።

ለሕመምተኛው በሚነገረው ማብራሪያ ግን «ፀረ» ቀርቶ ግስ ይግባ። በመጀመሪያ ያሰብነው «ቁጣውን የሚያበርድ» የሚለውን ነበር። ቁጣ መብረዱ በአማርኛ የታወቀ ስለ ሆነ ያማረ መሰለን። ቆይተን ስናስበው ግን ሕዝቡ የደረት ሕመምን ምክንያት «ብርድ» ማለቱ ትዝ አለን። ብርድ መታኝ ለሚል ሰው የሚያበርድ ኪኒን መስጠት ማስፈራራት ነው። ስለዚህ «የሚያረግብ» የሚለውን መረጥን፤ የተወጠረ ገመድም፣ የተነሣ ቁጣም ይረግባል፣ ብርድም የለበትም። ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦ «ይህ ኪኒን የትንፋሽ መንገድዎን መቆጣት የሚያረግብ ነው፤ ፈጽሞ አያድንም፣ ባንዴም ትንፋሽ አይከፍትም፤ ማገርሸቱን ግን ይቀንሳል፤ ሐኪም ሳያዝዝ አያቋርጡት፣ ለሌላ ሰውም አይስጡት።»

የባዕድ ስሞችን በሚመለከት ደግሞ አንድ ማስገንዘቢያ አለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለመድኃኒቶች በሚሰጠው ስም ውስጥ የቤተሰቡን ዝምድና የሚያሳይ ክፍል ይኖራል፤ «ሚላስት» የሚለው መጨረሻ የሮፍሉሚላስትን ወገኖች ሁሉ ያመለክታል። ይህ ክፍል በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ «ሚላስት» ሌላው «ማይላስት» ቢል ዝምድናው ይጠፋል።

የማብሰያ ምድጃዎቻችን ስም በዚህ ረገድ ያስተምረናል። «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃና «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ስማቸው ከአንደበት የተወሰደ ስለ ሆነ ማንም ሳያስተምረው ሕዝቡ ይዟቸዋል። ደግሞም የጭሱ ጉዳይ ከኪኒኑ ይቀድማል፤ ጭሱ ካልቀነሰ የትኛውም ስም፣ የትኛውም ኪኒን ድካሙን ያበዛል እንጂ አያሳርፍም።

እንግዲህ ያቀረብናቸው ስያሜዎች የመጨረሻ ናቸው አንልም። መመዘኛው ግን አንድ ነው። ስያሜው ከወረቀት ላይ ተነሥቶ ፊደል ላልቈጠሩት እናት ይነበብላቸው፤ እርሳቸውም መልሰው በራሳቸው ቃል ይንገሩን። ኪኒኑ ለምን እንደ ሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ፣ ለጎረቤት ለምን እንደማይሰጥ ከመለሱ ቃሉ ሥራውን ሠርቷል። ካልመለሱ ግን ሥራው ገና በእኛ በኩል ነው።